የሆሎዌይ ሩባርብ፦ ከመድኃኒት ቤት እስከ ማዕድ

በነገሥታት አዳራሽ የቀረበ ግብር ጸሓፊ አያጣም፤ ስንት ሰንጋ እንደ ታረደ፣ ጠጁ በስንት ጋን እንደ ተጣለ፣ መኳንንቱ በየማዕርጋቸው እንዴት እንደ ተቀመጡ ታሪከ ነገሥቱ አጥርቶ ይነግረናል። የተራው ሰው ማዕድ ግን የራሱ ዜና ጸሓፊ ስለሌለው ታሪኩን የሚሻ ሰው ከጉምሩክ መዝገብ፣ ከአትክልተኛ ማስታወሻ፣ በጦርነት ጊዜ ለየቤቱ ከታደለው የራሽን ደብተር እየቃረመ ማሰባሰብ ይኖርበታል። በሰሜን ለንደን በሆሎዌይ ሰፈር ክረምቱ ሊያልቅ ሲል በየቤቱ የሚጋገረው የሩባርብ ጣፋጭ ከዚህ ወገን የሚቈጠር ነው። ከታች በስኳር የተለወሰው ኰምጣጣ የሩባርብ አገዳ፣ ከላይ በቅቤ የታሸው የዱቄት ፍርፋሪ ተነባብረው በአንድ ጐድጓዳ ሳህን ይጋገራሉ፤ እንግሊዞች ይህን ክራምብል ሲሉት፣ አጃ ተጨምሮበት ላዩ ሲያኝኩት ኮሽ ኮሽ የሚለውን ደግሞ አሜሪካኖች ክሪስፕ ይሉታል። ምግቡን ለመሥራት አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ነገር ግን የቻይና የሲራራ ንግድ፣ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ላብ፣ የባቡር ሐዲድና ሁለት የዓለም ጦርነቶች ባይቀድሙት ኖሮ ዛሬ ባለው መልኩ ከማዕድ ባልደረሰ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሆሎዌይ ከለንደን ተነሥቶ ወደ ስኮትላንድ በሚዘልቀው በታላቁ የሰሜን መንገድ ግራና ቀኝ የበቀለ ሰፈር ነው። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከሰሜን እየተነዳ ወደ ስሚዝፊልድ ገበያ የሚወርደው የቀንድ ከብት ሁሉ በዚህ ያልፍ ነበርና፣ መንገደኛውን ተቀብለው የሚያሳድሩና የሚያበሉ መሸታ ቤቶች በመንገዱ ዳር ተተክለው ነበር። ከእነዚህም መካከል ግማሽ ጨረቃ የሚባለው ቤት በአይብ ኬኩ ስሙ የገነነ ሲሆን፣ የሆሎዌይን አይብ ኬክ በፈረስ ጭኖ በለንደን አደባባዮች እየጮኸ የሚሸጥ ሰው እንደ ነበረ የከተማይቱ ታሪክ ጸሓፊዎች መዝግበውታል። ይህም ያለ ምክንያት የሆነ አልነበረም፤ የኢዝሊንግተን መስክ ለዋና ከተማዪቱ ወተትና ቅቤ የሚያቀርቡ ብዙ ላሞች የሚሰማሩበት ስለ ነበረ የሆሎዌይ ሰው በቅቤና በዱቄት መጠበብን የተማረው ሩባርብን ከማየቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። በ1855 የከብቱ ገበያ ከስሚዝፊልድ ተነሥቶ ወደ ካሌዶኒያን መንገድ አጠገብ ሲዛወር፣ መርቀው የከፈቱት የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት ልዑል አልበርት ነበሩ፤ የገበያው የሰዓት ማማ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

ሩባርብ ወደ እንግሊዝ አገር የገባው በመብልነት ሳይሆን በመድኃኒትነት ነበረ፤ የሚፈለገውም ሥሩ እንጂ አገዳው አልነበረም። የቻይና ጠቢባን ሆድ ለማጽዳት ሥሩን ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበት ነበር፤ ዲዮስቆሪዶስ የተባለው ግሪካዊ ሐኪምም በመጀመሪያው መቶ ዓመት በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ከዚሁ ወገን የሆነ ሥር ጠቅሷል። በ1404 የካስቲል ንጉሥ መልእክተኛ የነበረው ሩይ ጎንዛሌዝ ደ ክላቪኾ ወደ ገዢው ተይሙር ከተማ ወደ ሳማርካንድ በደረሰ ጊዜ፣ ከቻይና ስለሚመጣው የከበረ ሸቀጥ ሲጽፍ ሐሩን፣ ዕንቁውንና ሩባርቡን በአንድ ተራ ቈጥሮታል። ሥሩ በግመል ተጭኖ ምድረ በዳውን ሲሻገር ወራት ይፈጅ ስለ ነበረ በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ ገበያ ዋጋው ከኦፒየም ዋጋ ከእጥፍ በላይ ደርሶ ነበር። በ1727 ሩስያና ቻይና በክያኽታ ከተዋዋሉ በኋላም የሩስያ መንግሥት ንግዱን በእጁ አድርጎ፣ ሥሩን አንድ በአንድ እያገላበጠ የሚመረምር መድኃኒት ቀማሚ በድንበር ላይ አስቀመጠ፤ ነቀዝ የነካው ወይም የሻገተው ሁሉ ይቃጠል ስለ ነበረ በአውሮፓ የሩስያ ሩባርብ የሚባለው ከሁሉ የተመረጠ ሆኖ ተቈጠረ። ሌላው ቀርቶ በ1839 ሊን ዜሹ የተባለው የቻይና ባለሥልጣን የኦፒየም ንግድ እንዲቆም ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ የባሕር ማዶ ሰዎች ያለ ቻይና ሻይና ያለ ሩባርብ ሊኖሩ እንደማይችሉ አድርጎ ማስጠንቀቁ፣ ይህ ሥር ምን ያህል ከፍ ብሎ ይታይ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። አባቶቻችን ለሆድ ትል የሚጠጡትን ኮሶ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለአውሮፓ ሰዎች ካስተዋወቀ በኋላ፣ አበባው በደረቁ እየተጫነ ባሕር ተሻግሮ በ1864 በወጣው የብሪታንያ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ስለዚህም በአንድ ዘመን የጎንደርና የሸዋ ኮሶ ከቻይና ሩባርብ ጋር በአንድ የለንደን መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። በትውልድ ግን ለሩባርብ የሚቀርበው መቅመቆ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ሁለቱን ከአንድ ቤተ ሰብ ይመድቧቸዋል፤ በሁለቱም ሥር ውስጥ ቢጫ ቀለም የሚሰጡ፣ ሆድንም የሚያስቀምጡ አንድ ዓይነት ውሕዶች ይገኛሉ። በገጠር እረኞች የሚያኝኩት ኰምጣጣው እምቧጮም የዚሁ ወገን ነው። የእኛ እናቶች መቅመቆን ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር በሚነጠር ቅቤ ላይ ጨምረው መልኩን ሲያሳምሩበት፣ እንግሊዞች በበኩላቸው ሥሩን ለሐኪም ትተው አገዳውን ወደ ማድ ቤት አስገቡት።

ይህ ለውጥ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በሩስያ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ መንዚ በ1760ዎቹ ወደ አገሩ ሲመለስ የሩባርብ ዘር ይዞ ገባ፤ በኤዲንብራ የዕፀዋት ቦታ ኃላፊ የነበረው ጆን ሆፕም ዘሩን ተቀብሎ አጸደቀው። ዓላማቸው ለውጭ መድኃኒት የሚፈሰውን ገንዘብ ማዳን ነበረ፤ በአገር ቤት አፈር የበቀለው ሥር ግን በኃይሉ የቻይናውን ስላልደረሰ ነጋዴው አልተቀበለውም። ሆኖም አትክልቱ ከለመለመ አይቀር፣ ገና የዛፍ ፍሬ በማይደርስበት በጸደይ መባቻ የሚወጣው ቀይ አገዳ ለጣፋጭ ቂጣ መሙያ እንደሚሆን የቤት እመቤቶች አስተዋሉ። በደቡብ ለንደን በዴፕትፎርድ አካባቢ አትክልተኛ የነበረው ጆሴፍ ማያት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አምስት እስር አገዳ በልጆቹ አስይዞ ወደ ቦሮ ገበያ ሰድዶ የተሸጠለት ሦስቱ ብቻ እንደ ነበረ ይተረካል፤ ሰውየው ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በየሳምንቱ እየጨመረ በመላኩ፣ በ1837 ንግሥት ቪክቶሪያ ዘውድ ስትወርስ በስሟ የሰየመው ዝርያ በመላው አገር ተዳርሷል። በዚያው በ1837 አልፍሬድ ቢርድ የተባለ የበርሚንግሃም መድኃኒት ቀማሚ፣ እንቍላል ለማይስማማት ሚስቱ ሲል ያለ እንቍላል የሚሠራ የካስተርድ (የጣፋጭ ወተት መረቅ) ዱቄት አወጣ፤ ዛሬም በሩባርቡ ላይ የሚፈስሰው ቢጫ ካስተርድ በብዙ ቤት የእርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሩባርብ ያለ ስኳር አይበላም፤ ስለ ሩባርብ የሚጽፍ ሰውም የስኳሩን ነገር ዘልሎ ቢያልፍ ታሪኩን በግማሹ ብቻ ነገረ ማለት ነው። ለእንግሊዝ ገበያ የሚቀርበው ስኳር ለረጅም ዘመን የመጣው በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት ከተያዙ አፍሪካውያን እጅ ነበር። በ1833 የወጣው ሕግ ባርነትን ሲሽር፣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የተከፈለው ለባሪያ ጌቶች ሲሆን የለፉት ግን አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም። ከዚያ በኋላ የቀይ ሥር ወገን ከሆነው ከሹገር ቢት የሚጨመቀው የአውሮፓ ስኳር በገበያው በዛ፤ በ1874ም መንግሥት በስኳር ላይ የነበረውን ቀረጥ ፈጽሞ አነሣ። በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ እንግሊዛዊ በዓመት የሚበላው ስኳር አምስት እጥፍ ያህል ስለ ጨመረ፣ ቀድሞ የጌቶች ቅንጦት የነበረው ጣፋጭ ወደ ሠራተኛው ቤት ወረደ። ኰምጣጣው አገዳ የድኻ ፍሬ ለመሆን የበቃው ስኳሩ ስለ ረከሰ ነው፤ ስኳሩ ውድ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሩባርብ እንደ ኮሶ ሁሉ አፍንጫ ተይዞ የሚዋጥ መድኃኒት ሆኖ በቀረ ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት ሆሎዌይም መልኩ ተለወጠ። ከሰሜን የሚመጣው ሐዲድ በ1850 ለንደን ደርሶ፣ በ1852 የኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ሲከፈት ሰፈሩን ሰንጥቆት አለፈ፤ ላሞቹ የሚግጡበትም መስክ ተሸንሽኖ በአንድ መልክ የተደረደሩ የጡብ ቤቶች ተሠሩበት። በእነዚህ ቤቶች የተቀመጠው የቢሮ ጸሓፊ፣ የሱቅ ሠራተኛና የእጅ ባለሙያ ነበረ፤ ወንድማማቾቹ ጆርጅና ዊደን ግሮስሚዝ በ1892 በመጽሐፍ ያወጡት አስቂኝ የዕለት ማስታወሻ ባለቤት፣ ክብሩን አብዝቶ የሚጠብቀው ጸሓፊ ሚስተር ፑተር፣ ቤቱ በሆሎዌይ እንዲሆን መደረጉ የሰፈሩን ሰው ጠባይ ሁሉም ያውቀው ስለ ነበረ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከኋላው ጠበብ ያለ ጓሮ ነበረው፤ ሩባርብ ደግሞ አንዴ ከተተከለ ያለ ብዙ እንክብካቤ ለዓመታት የሚያፈራ በመሆኑ ከጓሮው ጥግ ቦታ አላጣም።

በጓሮ የሚበቅለው ግን የሚደርሰው ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። ከገና ጀምሮ እስከ ፋሲካ በገበያ የሚታየው ለስላሳውና ደማቁ አገዳ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ይህም ጥበብ በ1810ዎቹ በቸልሲ የመድኃኒት ዕፀዋት ቦታ በአጋጣሚ ተገለጠ፤ ሠራተኞች ቦይ ሲቈፍሩ አፈሩ በሩባርቡ ሥር ላይ ተደፍቶበት ቆይቶ በኋላ ቢገለጥ፣ ብርሃን ያላየው አገዳ ከሌላው ይልቅ የለሰለሰና የጣፈጠ ሆኖ ተገኘ። ከ1870ዎቹ ወዲህ የዮርክሺር ገበሬዎች በዌክፊልድና በሊድስ መካከል ጨለማ ቤቶች ሠርተው ሥራውን አስፋፉት። ሥሩ ሁለት ዓመት ሳይቈረጥ በሜዳ ይቈያል፤ ከሱፍ ፋብሪካ የተረፈውን ብጣሽ እንደ ፍግ እየተመገበ ኃይል ያጠራቅማል፤ ውርጭ ከመታው በኋላም ይነቀልና መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ተደርድሮ በሙቀት እንዲያቈጠቍጥ ይደረጋል። ብርሃን ከበዛበት ስለሚጠነክር ለቃሚዎቹ የሚሠሩት በሻማ ነው፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ እንቡጡ ቅርፊቱን ሰብሮ ሲወጣ ጠቅ የሚል ድምፅ ለጆሮ ይሰማል። አገዳው በቢላዋ አይቈረጥም፤ ከሥሩ ተይዞ በእጅ ጠምዘዝ ተደርጎ ይመዘዛል። ይህ ምርት በክረምቱ ወራት በየሌሊቱ የሩባርብ ባቡር በተባለው ልዩ ጭነት ወደ ለንደን ገበያዎች ይላክ ነበር፤ አገልግሎቱም እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ቈይቷል። ሐዲዱ በሆሎዌይ በኩል ወደ ኪንግስ ክሮስ የሚወርደው ያው ታላቁ የሰሜን ሐዲድ ስለ ነበረ፣ ከብት በእግሩ የሚነዳበት የጥንቱ መንገድ ሥራ ወደ ብረቱ መንገድ ተዛወረ።

እስከዚህ ድረስ የሩባርብ ጣፋጭ ማለት በሊጥ የተሸፈነ ፓይ ነበረ። ፍርፋሪው በሊጡ ቦታ እንዲተካ ያደረገው ችግር ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ለሩባርብ መልካም ትዝታ አላተረፈለትም፤ አትክልት ባነሰ ጊዜ ቅጠሉ እንደ ጐመን ተቀቅሎ እንዲበላ ምክር ተሰጥቶ፣ ምክሩን የተከተሉ ሰዎች በውስጡ ባለው ኦክሳሊክ አሲድ ተመርዘው ሞተዋል። በሁለተኛው ጦርነት ግን አገዳው የቤት እመቤት አለኝታ ሆነ። በጃንዋሪ 1940 ቅቤና ስኳር በራሽን መታደል ከጀመሩ በኋላ ለአንድ ሰው በሳምንት የሚደርሰው ቅቤ 57 ግራም ያህል ሆኖ የቀረበት ጊዜ ነበር፤ ስኳሩም ወደ 227 ግራም ገደማ ነበር። ለፓይ ሊጥ የዱቄቱን እኩሌታ የሚያህል ቅባት ያስፈልጋል፤ በመዳመጫ ለመዳመጥም ሰፊ ቦታና የሰለጠነ እጅ ይሻል። ፍርፋሪ ግን በትንሽ ቅባት ይሠራል፤ ቅቤ ሲጠፋ ማርጋሪን፣ ዱቄት ሲያንስ አጃ ይተካል፤ ከ1942 ጀምሮ በግዴታ የመጣው ጠቈር ያለ ዱቄትም በፍርፋሪ ውስጥ ጉድለቱ አይታወቅም። በአሜሪካ የፖም ክሪስፕ በ1920ዎቹ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ በእንግሊዝ አገር ግን ክራምብል የየቤቱ ምግብ የሆነው በዚህ የራሽን ዘመን እንደ ሆነ ይታመናል። ስኳር ከራሽን የወጣው በ1953፣ ቅቤ ደግሞ በ1954 ነበረ፤ በእኛ አገር የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የተመረቀው በዚሁ በ1954 መሆኑ መታወስ ይገባዋል። ሊጡን መልሶ ለማምጣት የሚከለክል ነገር ከጠፋ በኋላም የሆሎዌይ እናቶች ፍርፋሪውን አልተዉትም፤ በችግር የተማሩት ነገር በጥጋብም ጣፍጧቸው ነበርና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 700 ግራም ያህል አገዳ ቅጠሉ እስከ መጨረሻው ተቈርጦ ከተጣለ በኋላ ታጥቦ ጣት በሚያህል ርዝመት ይከተፋል፤ 100 ግራም ስኳርና ጥቂት የተፈጨ ዝንጅብል ተነስንሶበት በጐድጓዳ ሳህን ይዘረጋል። ውኃ አይጨመርበትም፤ አገዳው የራሱን በቂ ውኃ ያወጣል። 150 ግራም ዱቄት ከ100 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ ጋር በጣት ጫፍ እየታሸ እንደ ሽሮ ፍርፍር ሲል፣ 75 ግራም አጃና 80 ግራም ስኳር ይቀላቀልበታል። እዚህ ላይ መዳፍን ማስገባት አያስፈልግም፤ መዳፍ ሞቃት ስለ ሆነ ቅቤውን አቅልጦ ነገሩን ሊጥ ያደርገዋል። ፍርፋሪው ሳይጠቀጠቅ በአገዳው ላይ ተበትኖ 190 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ 40 ደቂቃ ያህል ይቈያል፤ ላዩ ሲቀላና በዳር በኩል ቀይ ፈሳሽ እየተንተከተከ ሲወጣ ደርሷል። ከኦቨን ወጥቶ ጥቂት መቈየቱም ይበጃል፤ ፈሳሹ ወፈር ይላል፣ የሚበላውም ሰው ምላሱን አይቃጠልም።

ዛሬ በካሌዶኒያንና በሆርንሲ መንገዶች ክትፎና በያይነቱ የሚያቀርቡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ተከፍተዋል፤ ከ1974 ለውጥ ወዲህ ከአገራቸው የወጡ ወገኖቻችንም በዚህ አካባቢ ልጆች አሳድገዋል። የጨለማ ቤቱ ሩባርብ የሚደርስበት ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥም ስለ ሆነ ምእመናን ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ፤ ጥሉላት የሚገባው በፍርፋሪው ውስጥ ብቻ ነውና፣ ቅቤው በዘይት ከተተካ ምግቡ ያለ አንዳች ጉድለት የጾም ይሆናል። ዘይት በቅዝቃዜ ስለማይረጋ መጠኑን ወደ 70 ግራም ዝቅ ማድረግ፣ አጃውንም ከፍ ማድረግ ይገባል። ከዝንጅብሉ ጋር ጥቂት ኮረሪማ ቢገባበት ደግሞ ኰምጣጣውን አያሸንፍም፤ መዓዛውን ግን ያከብረዋል።

የሩባርብን ታሪክ ከሳማርካንድ እስከ ሆሎዌይ ለመከተል የቻልነው በየዘመኑ የነካው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጽፎ ስላለፈ ነው፤ መልእክተኛው ሸቀጡን፣ የድንበሩ ቀማሚ የጣለውን፣ አትክልተኛው የሸጠውን፣ መንግሥት በራሽን ያደለውን መዝግቧል። ዘመዱ መቅመቆ ግን በእኛ ማድ ቤት ብዙ ዘመን ሲያገለግል በየአገሩ ስንት ሥር ለስንት ቅቤ እንደሚገባ፣ በየትኛው ወር እንደሚቈፈር፣ ከየትኛው ገበያ እንደሚመጣ የሚያውቁት እጃቸው ያረጀ እናቶች ናቸው። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ወጣት ሁሉ፣ በለንደንም ይኑር በደብረ ማርቆስ፣ እናቱን ወይም አያቱን ቅቤ ሲያነጥሩ አጠገባቸው ተቀምጦ መጠኑን፣ ወሩንና የገበያውን ስም ከነቀኑ ይጻፍ።